በኖራ ስለተቀባው ባሕራችን ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር

ጋምቤላ፣ ጥር 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ በሪሁን ደምሴ
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደኅንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። በዚህ በጥር ፀሐይ ያ የቆየ ራስ ምታትዎ እንዳይነሣብዎት፣ ወባም ደጅዎን አይታ እንድታልፍ፣ ስብሰባዎችዎም ሁሉ በጭብጨባ እንዲያልቁ ከልቤ እመኛለሁ። አጥራችን አንድ ስለሆነ ድምፄን ከፍ ባደርግ ይሰሙኝ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ እንደሚያውቁት እኔ ድምፅ ማንሣት አልለመድኩም፤ በስብሰባም ላይ ሰው ሲነሣ እነሣለሁ፣ ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጭባለሁ፣ ከዚያ በላይ መኖሬም አይታወቅም። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ግን «ሂስ ያለው ይናገር፤ መናገር የሚያፍር ጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ፤ ሂስ የአብዮተኛ መድኃኒት ነው» ብለው በቸርነትዎ ስለፈቀዱልን፣ እኔም ከሚያፍሩት ወገን ስለሆንኩ፣ መድኃኒቱን በጽሑፍ አዘጋጅቼ አቅርቤያለሁ። ቢመርዎትም ለጤናዎ ብለው እንደሚውጡት አልጠራጠርም።

በሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያነበው ሁሉ ነገሩን ከሥሩ ላያውቅ ስለሚችል፣ እርስዎ በሚገባ የሚያውቁትን መልሼ ስነግርዎት እንዳይሰለቹኝ አደራ እላለሁ።

እኔ አልማዜ ወልደ ሚካኤል በክሊኒኩ አንሶላ አጣቢ ነኝ። ከጎሬ ወርጄ እዚህ ከተማ ከገባሁ ሁለቱም ልጆቼ እዚሁ ተወልደው፣ አድገው፣ ትተውኝ ሄደዋል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳርና በርበሬ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ የጋዜጣ ቁራጭ ነው፤ ስለዚህ የብዙ ወሬ መጀመሪያውን አውቃለሁ፣ መጨረሻውን ግን የቀጣዩ ሩብ ኪሎ ስኳር ገዢ ነው የሚያውቀው። ታናሽ ወንድሜ አለማየሁ ከአሰብ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ባሕርን አይቼ እንደማላውቅ ስለሚያውቅ፣ ከዓመታት በፊት በጀሪካን የባሕር ውሃ ሞልቶ፣ ብርቱካንማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ትንንሽ ዓሦች፣ አንዲት ጣቶችዋን እንደ እጅ የምትዘረጋ የባሕር አበባና ጥቂት ድንጋዮች ይዞልኝ መጣ። እስትንፋስ እንዳያጥራቸው የጎማ ካላማዳሪ ነፍቶ፣ ነፋሱን ክሊኒክ በጣለው የግሉኮስ ቱቦ ወደ ውሃው ጠብ ጠብ እያደረገ ነበር ያን ሁሉ አገር ያቋረጠው። እኔም በባሮ ወደብ፣ በድሮው የቴሌግራም ቤት፣ ለባትሪ ያገለግል በነበረ ወፍራም የብርጭቆ ሣጥን ውስጥ አኖርኳቸው፤ በዚያው በካላማዳሪና በግሉኮስ ቱቦ አስተነፈስኳቸው፤ ከሙቀቱም በረጠበ ጆንያ ጋረድኳቸው።

ከዓሦቹ ጋር አንድ መጽሐፍ መጥቶ ነበር። ወንድሜ ከአሰብ ወደብ ቆሻሻ ላይ ያነሣው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ግማሽ ገጹ የሌለ፣ የባሕር ፍጥረትን በቤት ስለ ማኖር በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። እኔ ሥዕሉን ብቻ ነበር የማየው። ያን ጊዜ እርስዎ ጓድ ሊቀ መንበር አልነበሩም፤ መምህር በሪሁን ነበሩ፤ እኔንም ጓድ ሳይሆን እት አልማዜ ነበር የሚሉኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ መዝገበ ቃላትዎን በብብትዎ ይዘው በአጥሩ ክፍተት እየገቡ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እየተረጎሙ አነበቡልኝ። እንዳጋጣሚ ሆኖ ገጹ የተቀደደበት ቦታ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እንደ ሕፃን እናዝን ነበር። እኔ ስለ ባሕር የማውቀውን ሁሉ የማውቀው ከእርስዎ አፍ ነው። ይህን ስል ለማመስገን ነው፤ ምስጋናዬ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ወደ ታች ያዩታል።

የድንጋዮቹንም ነገር የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። አንድ እሑድ ጣትዎን በመስመሩ ላይ አድርገው «ይህ ድንጋይ ሕያው ነው ይላል፣ እት አልማዜ። በላዩም በውስጡም ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት አሉ፤ ውሃውን የሚያጣሩት እነርሱ ናቸው። ድንጋዩ ከሞተ ዓሣውም ይሞታል ይላል» አሉኝ። መነጽርዎን አውልቀው ያን ቡናማ፣ አተላ የመሰለ ነገር የለበሰ ድንጋይ ብዙ ሰዓት አዩት። ከዚያም «እኔ እኮ ስንት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሕይወት የሌለው ነገር ነው እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ አሁን የተማሪዎቼን ቤት እየዞርኩ ይቅርታ ልበል?» ብለው እስኪያስልዎት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከባለቤቴ ሞት በኋላ እንዲያ ስቄ አላውቅም ነበር።

ትልቁ ባሕር የእርስዎ ሐሳብ ነበር። ሊቀ መንበር ሆነው በተመረጡ በዓመቱ፣ የባትሪው ሣጥን ለፍጥረቶቹ እንደጠበባቸው አይተው፣ «በቤትሽ ሰፊ ገንዳ እናሠራ፤ የጋምቤላ ሰው አሰብ ድረስ መሄድ አይችልም፤ ባሕሩ ይምጣለት» አሉኝ። እኔ ፈራሁ። ትልቅ ነገር ባለቤቱ ብዙ ነው። እርስዎ ግን ገንዳው ከቤቴ እንደማይወጣ፣ ከእኔ በቀር እጁን የሚያስገባበት ሰው እንደማይኖር፣ ለወንድሜም ውሃ እያመጣ ሲመላለስ የይለፍ ወረቀት እንዳይቸግረው እንደሚያደርጉ በልጆችዎ ስም ማሉልኝ። እኔ ደግሞ በልጅ ስም የተማለ ነገር ይፈርሳል ብዬ አላስብም ነበር፤ ጋዜጣው ላይ እስከዚህ ድረስ አልደረስኩም ይሆናል።

ግንበኛው ዱዋል ሊሠራ ሲመጣ ለገንዳው መሠረት የተቆፈረውን ጉድጓድ ከሁሉም አቅጣጫ ለክቶ «እማማ፣ የምሠራልሽ ቤት ነው መቃብር?» ብሎኝ ነበር። «መስኮት አለው» ስለው «እንግዲያ ቤት ነው» ብሎ ሲሚንቶውን ማቡካት ጀመረ። መስኮቱ ወንድሜ ከአሮጌ የጭነት መኪና ፊት ነቅሎ ያመጣው ጠፍጣፋ መስታወት ነው። ገንዳው ሲደርቅ፣ በአዲስ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ምሬት ወደ ውሃው ወጥቶ የባሕር ፍጥረትን ይገድላል የሚለውን ገጽ እርስዎ አነበቡልኝ። እንግዲህ ያን ጊዜ ከባሮ ውሃ እየቀዳን ስንሞላ፣ ሰንብቶ ስንደፋ፣ ደግሞ ስንሞላ፣ እጅጌዎን ሰብስበው ከእኔ ጋር ባልዲ የያዙት ማን እንደነበሩ ሰሌዳው ፊት የቆመው ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ «ሊቀ መንበሩ ውሃ ቀጂ ሆነ» ተብሎ ተስቆብዎታልና። ከዚያ በኋላ የወንድሜን የባሕር ውሃና ከአሰብ ጨው ጋር የቀላቀልኩትን የዝናብ ውሃ ሞላን፤ ድንጋዮቹን አስገባን፤ መጥፎው ሽታ እስኪለቅ፣ ድንጋዩም ቤቱን እስኪለምድ ክረምቱን ሙሉ ታገሥን፤ በመጨረሻ ሁለቱን ዓሦችና የባሕር አበባይቱን አሸጋገርን። በጠዋት ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ ድንጋዩ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ ነገር እንደ እንጉዳይ ያብብ ጀመር።

ሰው እየመጣ አየ። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ቶክ እንኳ መጥቶ ግንባሩን ከመስታወቱ አስጠግቶ ከቆየ በኋላ «ይህ ሁሉ ድካም ለእነዚህ ሁለት ጣት ለሚያህሉ? ለማን ይበቃሉ?» አለ። «ለዓይን ናቸው» ስለው «ዓይኔስ ጠገበ፤ ሆዴ ግን ታዝቦሻል» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። በማግሥቱ ግን ሚስቱንም አማቱንም ይዞ ተመልሶ መጣ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ። ባለፈው ወር ከክፍለ ሀገሩ ትልቅ እንግዳ ሊጎበኙን በመጡበት ዋዜማ፣ እኔን በስም ጠርተው ከሴቶች ማኅበር ጋር ለጽዳት ዘመቻ ወደ ባሮ ዳርቻ ስለላኩኝ አመሰግናለሁ። የዕለቱ ሙቀት ስለበዛ ጆንያዎቹን እያረጠብኩ ቤት ልቆይ ብዬ ብለምንዎት «ጆንያውን እኔ አረጥባለሁ፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ አለ» አሉኝ። እውነት ነው፤ ክሊኒክ በምውልበት ቀን እንዲያረጥቡልኝ ቁልፉን የሰጠሁዎት እኔ ነኝ። ለወንድሜም ለልጆቼም ያልሰጠሁትን ቁልፍ ነው። እጅዎ ላይ ስለቆየልኝ፣ ስላልጠፋም፣ ደግሜ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ሁላችንም እንደምናውቀው ትልቅ ሰው ሲመጣ የመንገድ ዳር ድንጋይ ኖራ ይቀባል፤ የዛፍ ግንድ እስከ ወገቡ ኖራ ይቀባል፤ ቆሞ የተገኘ ነገር ሁሉ ኖራ ይቀባል። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ እኔም በዘመኔ ብዙ ድንጋይ ቀብቻለሁ። ነገር ግን ባሮ ዳርቻ ውዬ ስመለስ ያገኘሁትን ባሕር ከዚያ በፊት በየትኛውም የመጽሐፉ ገጽ ላይ አላየሁትም። ውሃው ወተት መስሎ ነበር። ድንጋዮቹ አንድም ሳይቀር ከገንዳው ወጥተው፣ በግቢው ፀሐይ ላይ ተሰጥተው፣ በሳሙናና በመጥረጊያ ተፈትገው፣ ኖራ ተቀብተው፣ ደርቀው፣ እንደ ሰልፈኛ በቁመታቸው ተደርድረው ተመልሰው ገብተዋል። የባሕር አበባይቱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ጥግ ላይ ወድቃለች። ትልቋ ዓሣ በጎኗ ተንሳፍፋለች፤ ትንሹ ከአፏ ሥር ሆኖ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። እርሱን ብቻ በሁለት እጄ አፍሼ ወደ አሮጌው የባትሪ ሣጥን አዛወርኩት፤ በዚያ ለክፉ ቀን ብዬ የተውኩት ጥቂት ውሃና አንድ የቡጢ ያህል ድንጋይ ነበር።

በመጀመሪያ ያልኩት የጽዳቱ ቡድን ባለማወቅ አደረገው ነው። የቡድኑ ኃላፊ ጎረቤታችን ኛማል መሆንዋን ስለሰማሁም አላወቀችም ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ግን እርሷ ራስዋ ለቅሶ ልትደርሰኝ መጣች። ባዶ እጅዋን መምጣት ስላልወደደች ከምትሸጠው ደረቅ ዓሣ አንድ ዘለላ ይዛ ነበር፤ ደፉ ላይ ስትደርስ የያዘችውንም ገንዳውንም አይታ ደነገጠችና ዓሣውን በነጠላዋ ሥር ሸጎጠችው። ሁለታችንም ሳቅ አመለጠን፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። «እኔ ጠይቄያለሁ» አለችኝ። «‘ውሃው ውስጥ ያለውም?’ አልኩ። ‘አልማዜ ይህ ነፍስ አለው ብላለች’ አልኩ። ለእንግዳው መንገድ ሊያይ ቀድሞ የመጣው ሰውዬ ‘ይህ ቆሻሻ ድንጋይ ነው እንግዳ ፊት የሚቀርበው?’ ብሎ ጮኸ። በሪሁን እኔን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ሰውዬውን አየ። ‘ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ኛማል። ቀቢ’ አለ። እኔ ምን ላድርግ እህቴ? ባልዲውን ያቀበለኝ እርሱ ነው።»

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ስለ ኖራው ሁለት ጊዜ ይቅር ልልዎት ሞክሬያለሁ። የማይሆንልኝ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ነው፤ ይኸውም ድንጋዩን አዩ የሚለው ቦታ ላይ ነው። ኛማልን አልቀየምኳትም፤ መጽሐፉን አላነበበችም። ያን ሰውዬም አልቀየምኩትም፤ እሑድ እሑድ ቤቴ አልመጣም። ከሲሚንቶ ምሬት ለማዳን ባልዲ ያነሡ ክንዶች ናቸው የኖራ ባልዲ ያቀበሉት። ይህን ማመን አቅቶኝ ሰነበትኩ።

ሦስተኛ። በማግሥቱ እንግዳው ሲመጡ እኔን በነጠላዬ ከገንዳው አጠገብ ስላቆሙኝ፣ ከራሴም በላይ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚለውን መፈክር ስለሰቀሉልኝ አመሰግናለሁ። መፈክሩ ከመቼውም ይልቅ እውነት ሆኖ የታየኝ ያን ዕለት ነው። ኖራው ወደ ታች ዘቅጦ ውሃው ጠርቶ ስለነበር እንግዳው በመስታወቱ አዩና «በጣም ንጹሕ ነው፤ ለሌላው ቀበሌ አርአያ ነው» አሉ። ቀጥለውም በየዋህነት «ዓሦቹ የት አሉ?» ብለው ጠየቁ። ትልቋን ዓሣ ከመምጣታቸው ትንሽ ቀደም ብለው በእጅዎ አውጥተው በቤቱ መስኮት ወደ ውጭ የወረወሩት እርስዎ «ዕረፍት ላይ ናቸው» ብለው መለሱ። እንግዳው ሰዓታቸውን አይተው «በሥራ ሰዓት?» ሲሉ ተከትሎ የመጣው ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ። እርስዎ ሲስቁ ወደ እኔ እንዳላዩ አይቻለሁ። ሰው ካፈረ ተስፋ አለው ብዬ ለጥቂት ቀን ያጽናናኝ ያ ነበር። ማጽናኛው እስከ ቀጣዩ ስብሰባ ድረስ አገልግሎኛል።

አራተኛ። በጠቅላላ ስብሰባው ላይ የባሕሩ ፍጥረታት የሞቱት «በጠባቂዋ የጥንቃቄ ጉድለትና ባልሠለጠነ አያያዝ» መሆኑን በሪፖርትዎ ላይ ስላነበቡ አመሰግናለሁ። ድምፅዎ እሑድ ሲያነቡልኝ የነበረው ያው ጥሩ ድምፅ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተደናቀፈችብዎትም። ሰው ሪፖርቱ ሲያልቅ አጨበጨበ። እኔም በለመደ እጄ አጨበጨብኩ። እጄን ያቆምኩት ኛማል ክርኔን ስትይዘኝ ነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር ጠፍቶብኛል፤ በጠፋብኝ ነገር ላይ ተሰልፌ ሳጨበጭብ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሽማግሌው ቶክም ይህን ሰምቶ ከስብሰባው ስንወጣ በመንገድ አስቁሞኝ «እኛ አባቶቻችን ሳይወለዱ ጀምሮ ባሮን ስንበላው ይኸው አልሞተም። እናንተ ደገኞች አንድ ባሕር ቢሰጧችሁ በአንድ ቀን ገደላችሁት?» አለኝ። ደገኛ ያለው እኔንም እርስዎንም ጨምሮ ነው። ቢያንስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደገና አንድ ላይ ስላደረገን አልተከራከርኩትም።

አምስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ነው። ሰኞ ዕለት የቀበሌው ተላላኪ ማኅተም ያለበት ትእዛዝዎን አምጥቶልኛል። ለየካቲቱ በዓል ሌላ እንግዳ ስለሚመጡ፣ «ከበፊቱ የሰፋ የባሕር ፍጥረታት ገንዳ» በቤቴ እንዳቋቁም፣ «በእጄ የተረፈውን ዓሣና ድንጋይም» ለዚሁ እንዳውል፣ ይህ ባይሆን ግን የቀበሌ ሱቅ ካርዴ ጉዳይ እንደገና እንደሚታይ ይገልጻል። ከበፊቱ የሰፋ ማለትዎን ወድጄዋለሁ። ያለፈው ባሕር የሞተው ጠብቦ ነው የሚል ሰው ቢኖር ልቡ ይረፍ።

ትእዛዝ ማክበር ግዴታዬ ስለሆነ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ላስታውስዎት። ሲሚንቶው ይቦካል፤ ምሬቱ እስኪወጣ ይሞላል፣ ይደፋል፤ ከአሰብ ውሃና አዲስ ድንጋይ ይመጣል፤ ድንጋዩ በገንዳው ውስጥ ሞቱንም ትንሣኤውንም እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ ውሃው በፀሐይ ሲጎድል የጨው ውሃ ሳይሆን የዝናብ ውሃ ይጨመራል፤ በፔኒሲሊን ብልቃጥ ውስጥ አሸዋ አድርገን የሠራነው ተንሳፋፊ የጨው መለኪያ ትክክለኛው ምልክት ላይ መቆሙ በየጊዜው ይታያል። ይህ ሁሉ በየካቲት አይደርስም። በሚቀጥለው የካቲትም ከደረሰ መልካም ነው። ድንጋይ በአዋጅ ሕያው አይሆንም፤ ይህንንም ያነበቡልኝ እርስዎ ነዎት፤ ገጹ ቀኝ ጥጉ የተቀደደው ነው።

የተረፈውን ዓሣ ግን አልሰጥም።

በባትሪው ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ለብዙ ቀን ከድንጋዩ ሥር ተሸጉጦ አልወጣ ብሎ ነበር፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ወጥቶ የተፈጨ የባሮ ዓሣ ከጣቴ ይቀበላል። ድንጋዩም ላይ ጥፍር የሚያህል አረንጓዴ ነገር እየወጣ ነው። ለእርስዎ ይህ አንድ ዓሣና አንድ ድንጋይ ነው፤ ለበዓል አይበቃም። እኔ ግን ከዚህ በቀር ከወንድሜ እጅ የመጣ ሕይወት ያለው ነገር በቤቴ አልቀረኝም። ካርዴን መውሰድ ይችላሉ፤ ያለ ስኳርም ሆነ ያለ መጠቅለያ ወረቀቱ ኖሬ አውቃለሁ። ቤቴንም አስከፍተው ሣጥኑን ማስወሰድ ይችላሉ፤ ቁልፍ እንዳለዎት ሁለታችንም እናውቃለን፤ የበሩንም መቆለፊያ አልቀየርኩም። መቆለፊያ የሚቀየረው ለሌባ ነው፤ እርስዎን ሌባ ለማለት ደግሞ አሁንም አፌ አልታዘዘልኝም። ብቻ ሣጥኑን ለማንሣት ኛማልን አይላኩ። ዱዋልንም አይላኩ። ራስዎ ይምጡና በሁለት እጅዎ ያንሡት፤ ሲያነሡም ወደ ውስጥ ይዩ።

ይህ እንዳይሆን ከፈለጉ መንገዱ ቀላል ነው። ካሣ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠይቅም፤ ይቅርታ ሲያነቡ ድምፅዎ ምን ያህል እንደሚያምር መገመት እችላለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው ወረቀት ሳይዙ ሁለት ቃል ብቻ ይናገሩ፤ «አውቅ ነበር» ይበሉ። ያን ቀን ከዱዋል ጋር ሲሚንቶ ማቡካት እጀምራለሁ። የፈለጉትን ያህል ሰፊ ይሁን፤ የቀበሌውን አዳራሽ የሚያህል ይሁን፤ ውሃ ቀድቼ አልታክትም። ካልተናገሩ ግን ጋምቤላ ከእንግዲህ ባሕር አይኖራትም፤ ባሮ ይበቃታል፤ እርሱን ደግሞ እግዚአብሔር ከኖራ ይጠብቀው።

እነሆ ሂሴን ፈጸምኩ። ለብዙ እሑዶች በጎረቤትነት ያስተማሩኝን፣ በአንድ ቀን ደግሞ በሊቀ መንበርነት ያስረሱኝን ሁሉ እያሰብኩ፣ ማዕርግዎ ከፍ እንዲል፣ ጉባኤዎ እንዲሰምር፣ ልጆችዎም የተማለባቸውን ነገር ሳይሰሙ እንዲያድጉ እየተመኘሁ፣ ከማይገባኝ ትሕትናና እርስዎ ከሚገባዎት ክብር ጋር፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የቀበሌዎ ነዋሪ፣ የአጥር ጎረቤትዎ፣
በሪፖርትዎ መሠረት ያልሠለጠነችው ጠባቂ፣
አልማዜ ወልደ ሚካኤል

ማሳሰቢያ፤ ለየካቲቱ እንግዳ መንገድ ሲዘጋጅ ሰው እንዳይደክም ብዬ፣ ኖራቸው ገና አዲስ የሆነውን የባሕሩን ድንጋዮች ከገንዳው አውጥቼ፣ ትናንት ከሥራ ስመለስ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በሚያስገባው መንገድ ግራና ቀኝ ደርድሬያቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ይህን ወረቀት ይዤ ከሰሌዳው አጠገብ ቆሜ ሳለሁ በመካከላቸው አልፈው ሲገቡ አየሁዎት። አልለዩአቸውም። አንደኛው ከሰልፉ ትንሽ ወጣ ብሎ ስለነበር ቆም ብለው በጫማዎ ጫፍ ገፋ አደረጉት። አሁን ቀጥ ብሏል፤ አመሰግናለሁ።